የዘጠኝ ቀን ሕፃን ቅድመ አያት አድርገው ሸጡልን

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ቢሮ ከወጣን በሦስተኛው ቀን፣ ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ቃሌ ቢጠነክር ይቅር በሉኝ። በተለይ የምጽፈው እንደ እኔ ከሉዊዚያና ሰው ጋር ለተጋባችሁና የልጆቻችሁን የክሪዮል (የፈረንሳይ፣ የስፔንና የአፍሪካ ደም የተቀላቀለበት የሉዊዚያና ተወላጅ) ዘር ሐረግ በሰነድ አስጠንታችሁ በቅርስ ማኅበር ለማስመዝገብ ለምታስቡ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የዘር ሐረጋችንን ያጠናልንን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ ጠበቃ ሳላማክር ስም ጠርቼ በራሴ ላይ ሌላ ጣጣ አላመጣም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዲቪ እንሞላለን፣ ጉዳይ እናስፈጽማለን እያሉ ያጉላሉን የነበሩት ሰዎች በሌላ አገር ሱፍ ለብሰው መጥተዋል ብላችሁ አስቡት። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ የጥንት ካርታ፣ ጠረጴዛው ላይ የከረሜላ ሳህን፣ «ለእናንተ ብለን ነው» የሚባል ቅናሽ፣ ከዚያም ቀሪውን ክፍያ የሚያስታውስ የየሳምንቱ የስልክ ጥሪ፤ ያው ነው።

ባለቤቴ የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው፤ ያደገው ሰባተኛው ዋርድ በሚባለው የክሪዮሎች ሰፈር ነው። ነገሩ የተጀመረው በ2025 ፖፕ ሊዮ 14ኛ ሲመረጡና በእናታቸው በኩል ያሉት አያቶቻቸው ከዚሁ ከሰባተኛው ዋርድ የወጡ ክሪዮሎች መሆናቸው በዜና ሲሰማ ነው። በ1900 የሕዝብ ቆጠራ ኒው ኦርሊንስ ላይ ጥቁር ተብለው የተመዘገቡት ባልና ሚስት በ1920 ቺካጎ ላይ ነጭ ተብለው ተመዝግበው መገኘታቸው ለባለቤቴ ቤተሰብ እንግዳ ታሪክ አልነበረም፤ እነርሱም ዘንድ ወደ ሰሜን ሄደው በዚያው ነጭ ሆነው የቀሩ፣ ፎቶግራፋቸው ብቻ የቀረ ዘመዶች አሉ። የባለቤቴ የአባቱ እህት፣ ሁላችንም «ታንት» የምንላቸው፣ 84 ዓመታቸው ነው። «እኔ ሳልሞት ይህ ቤተሰብ በወረቀት ይቀመጥ» ያሉት እርሳቸው ናቸው።

እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው። አያቴ ለጋብቻ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ሰባት ቤት በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ የሚጠይቃቸው ሰው እንጂ ወረቀት የሚጠይቃቸው አልነበረም። የቅርስ ማኅበሩ ግን ቃል አይቀበልም። ከአመልካቹ ተነስቶ ወደ ኋላ እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ጋር በልደት፣ በጋብቻ ወይም በሞት ሰነድ መያያዝ አለበት፤ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ከእርሱ በላይ ያለው ሁሉ ዋጋ የለውም። ይህን ስሰማ አልከበደኝም፤ እንዲያውም ማኅበሩ ጠንቃቃ መሆኑን ወደድሁት። የከበደኝ ሥራውን ማን ይሠራዋል የሚለው ነበር፤ እናም በጥሩ አማርኛ ልናገረውና፣ ሥራ ለማምለጥ ስል ገንዘብ ከፈልሁ።

በመጀመሪያ 1,800 ዶላር ከፈልን። በ90 ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ስምንት ወር ፈጀ። በመካከሉ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን ለማየት «የመዝገብ ቤት መግቢያ» ተብሎ 650 ዶላር ተጨመረ፤ እርሱንም ከፈልን። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ለአምስት ዶላር ዕቃ ደረሰኝ የምጠይቅ ሴት ነኝ። ለዚህ 650 ግን «ለየትኛው መዝገብ ቤት?» ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚህም የባሰ፣ በካርድ ሳይሆን በቼክ ከከፈላችሁ አምስት በመቶ እንቀንሳለን ሲሉኝ ደስ ብሎኝ በቼክ ከፈልሁ፤ ዛሬ ባንኩ ገንዘቡን ሊያስመልስልኝ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ የተረከብነው ማኅደር ያምራል፤ እርሱን አልክድም። ቡናማ ቆዳ መሳይ ሽፋን፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ የቤተሰብ ስም፣ ውስጡ 140 ገጽ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዛፍ ተሥሏል፤ ባለቤቴ ከሥር፣ ከላይ በሰባተኛው ቤት ደግሞ በ1796 ኒው ኦርሊንስ ላይ ክርስትና የተነሣች ማሪ ሉዊዝ የተባለች ነፃ ሴት ተቀምጣለች። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ ዛፉን ለልጆቹ እያሳየ ስሟን ሦስት አራት ጊዜ ጠራው። እኔም ገበታው ላይ ቡና እያፈላሁ አብሬ ተደሰትሁ።

ማኅበሩ ማመልከቻውን በአምስት ሳምንት መለሰው። ደብዳቤው ጨዋ ነበር፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው፣ እንዲሁም በስድስተኛውና በሰባተኛው ትውልድ መካከል የቀረበው ማስረጃ በቂ አይደለም፣ የቀረበው ከኢንተርኔት የተቀዳ፣ ሌላ ሰው የሠራው የዘር ዛፍ ነው ይላል። ማኅደሩን እንደገና ስገልጠው እውነት ሆኖ አገኘሁት። አብዛኞቹ ገጾች ከታች በኩል በመቀስ ተቆርጠዋል፤ የድረ ገጹ አድራሻ የሚታተምበት ጠርዝ ነው የተቆረጠው። አንዱን ገጽ አጣመው ስለቆረጡት የፊደሎቹ የላይኛው ግማሽ ቀርቷል፤ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዳሻው የሚሞላው፣ ሌላውም ሳይጠይቅ የሚቀዳው የነፃ ዛፍ ገጽ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ታንትን ይዤ ወደ ቢሮው ሄድን። ሳልጠራቸው «እኔም እመጣለሁ» ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ይዘውት የመጡትም የእጅ ቦርሳቸውንና እጀታው የተሰበረ ማጉያ መነጽራቸውን ነው። ታንት በቤታቸው ፈረንሳይኛ እየሰሙ አድገው፣ ኋላም 31 ዓመት ስፓኒሽ ያስተማሩ መምህርት መሆናቸውን ለዚያ ሰውዬ የነገረው አልነበረም። ሉዊዚያና በ1796 በስፔን እጅ ነበረች፤ ወደ አሜሪካ የገባችው በ1803 ነው። ስለዚህ የኒው ኦርሊንሱ የሴንት ሉዊስ ካቴድራል መዝገብ በዚያ ዘመን የሚጻፈው በስፓኒሽ ነው፤ ከ1777 ጀምሮም ባሪያዎችና ነፃ ጥቁሮችና ክልሶች ከነጮቹ ተለይተው በራሳቸው መዝገብ ይጻፉ ነበር። ማሪ ሉዊዝም እዚያ የተጻፈችው «ማሪያ ሉዊሳ» ተብላ ነው።

ሰውዬው «ዋና ተመራማሪ» ነኝ ብሎ ተዋወቀን። የማኅበሩን ደብዳቤ ሳያነበው ወደ ጎን ገፋ አደረገው፤ ማኅበሮች አስቸጋሪ ናቸው፣ ዋናው ማስረጃ የክርስትናው ምዝገባ ነው፣ እርሱም አለ ብሎ ገጹን ገልጦ በጣቱ መታው። ታንት ዝም ብለው ያንን ገጽ በማጉያው አነበቡ። የሕፃኗ ስም፣ የእናቷ ስም ፍራንሲስካ፣ ነፃ ክልስ፣ አባት ያልተጠቀሰ፣ ከዚያ የክርስትና እናትና አባት ስም፤ መጋቢት 1796። ሰውዬው በዚህ መካከል ስልኩን አየ። ታንት ማኅደሩን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ወደ ኋላ ክፍል ገለጡት። «ተጨማሪ ሰነዶች» የሚባል ክፍል አለው፤ ማኅደሩ እንዲወፍር ያገኙትን ሁሉ የጨመሩበት ስድሳ ያህል ገጽ፣ ማንም ያላነበበው፣ እኔም ያላነበብሁት። አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። ማጉያውን ከፍ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ወደ ክርስትናው ገጽ ተመለሱ፤ ደግመው ወደ ኋላ ሄዱ። የወረቀቱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«ይህች ልጅ ሞታለች» አሉት።

ሰውዬው ሳቀ። «እመቤቴ፣ እዚህ ማኅደር ውስጥ ያሉት ሁሉ ሞተዋል» አለ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅም አብራው ሳቀች።

«በዘጠነኛ ቀኗ ነው የሞተችው» አሉ ታንት፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የቀብር መዝገብ ነበር። ያችው ማሪያ ሉዊሳ፣ ያችው የፍራንሲስካ ልጅ፣ ክርስትና ከተነሣች ከስድስት ቀን በኋላ፣ ዕድሜዋ ዘጠኝ ቀን ተብሎ ተጽፏል። እነርሱ በሸጡልን ዛፍ ላይ ይህችው ሕፃን በ1826 ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ የባለቤቴ ቤተሰብ በሙሉ የሚወርደው ከዚያ ልጅ ነው። ከተቀበረች ከ30 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን የሚያፈርሰውን ወረቀት ደግሞ ራሳቸው አትመው፣ በራሳቸው ማኅደር ውስጥ አስገብተው፣ በገጽ ቆጥረው ሸጡልን።

ሰው ስሕተት ይሠራል። በእነዚያ መዝገቦች ማሪ፣ ሉዊዝ፣ ዣን ባፕቲስት የሚባለው ስም ስፍር ቁጥር የለውም፤ ሕፃን ከሞተም ለተከታዩ ልጅ ያንኑ ስም መስጠት የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ የፍራንሲስካ ሁለተኛ ማሪያ ሉዊሳ ልትኖርም ትችላለች። ሰውዬው ይህን ቢል፣ ገንዘቤን ባይመልስልኝም እንኳ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ያለው ግን ይህ ነው፦ «ደንበኞቻችን አብዛኛውን ጊዜ ማኅደሩን ሳሎን ያስቀምጡታል፤ እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚያነበው የለም»። ለእኛ እንደ ወቀሳ ነው የተናገረው፤ ጥፋቱ ያለው እኛ ማንበባችን ላይ ነበር።

እኔ መናገር ስጀምር ወደ እኔ ዞሮ «ይቅርታ፣ የእርስዎ ቤተሰብ ነው እንዴ?» አለኝ። ፊቴንና አነጋገሬን አይቶ ነው። ቼኩን ስፈርም ግን የማን ቤተሰብ እንደሆነ አልጠየቀኝም ነበር። ከዚያ ውሉን አወጣ፤ የሸጥንላችሁ የፍለጋ ሰዓት እንጂ ውጤት አይደለም የሚለውን መስመር አሳየኝ። እውነት ነው፣ ተጽፏል፤ ፊርማዬም ከሥሩ አለ። በመጨረሻም እዚያው ተቀምጠን ሌላ ቅድመ አያት ፈጠረልን። ያቺ ካልሆነች ከሳን ዶሚንግ፣ ከዛሬዋ ሄይቲ፣ የመጣች ሌላ ማሪ ሉዊዝ ትሆናለች አለ። በ1809 ከዚያች አገር አብዮት ሸሽተው ኩባ የነበሩ ዘጠኝ ሺህ ያህል ስደተኞች ኒው ኦርሊንስ ገብተዋል፣ ሲሶ ያህሉም ነፃ ጥቁሮችና ክልሶች ነበሩ፤ ታሪኩ ትክክል ነው፣ ለዚህም ነው ለማንም እንደ ልብስ ልክ የሚሆነው። «ሁለተኛ ምዕራፍ ጥናት» ብሎ ዋጋውን ነገረን፤ 900 ዶላር፣ ለእኛ ሲባል ቀንሶ።

ታንት ማጉያቸውን አጥፈው ወደ ቦርሳቸው ከተቱ። መኪና ውስጥ እስክንገባ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያ «ስንት ከፈላችሁ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ዋሸኋቸው፤ ግማሹን ነገርኋቸው።

ያን ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ ፈልጌ ያገኘሁትን ስጽፍ አፍራለሁ። የ650 ዶላሩ «መግቢያ» የተባለው የባሪያዎችና የነፃ ጥቁሮች የክርስትና መዝገብ፣ የኒው ኦርሊንስ ሀገረ ስብከት ራሱ ከ2011 ጀምሮ ማንም ገብቶ በነፃ እንዲያየው በድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ የጀመረው ነው። የታሪክ ምሁሯ ግዌንዶሊን ሚድሎ ሆል ስለ መቶ ሺህ ያህል የሉዊዚያና ባሪያዎች ያሰባሰቡት መረጃም ለሕዝብ በነፃ ክፍት ነው። የኖታሪ (የውልና ማስረጃ) መዝገብ ቤቱ ውስጥ የቤት ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ የጋብቻ ውል፣ የነፃነት ወረቀት ተቀምጧል፤ ነፃ የነበሩት ክሪዮሎች ቤት ይገዙና ይሸጡ ስለነበር፣ የተቆረጠው የቤተሰብ ቀለበት የሚገጠመው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከኖታሪው መዝገብ በእኛ 140 ገጽ ውስጥ አንዲት ወረቀት እንኳ የለችም። እዚያ ለመድረስ ከወንበር መነሣት ያስፈልጋላ።

ምክር ከተባለ ይህን ያህል ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ያለቀ የሌላ ደንበኛ ሥራ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ይታያችሁ፤ እያንዳንዱ ቀለበት ሥር ከየትኛው መዝገብ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደተወሰደ ካልተጻፈ ተነሥታችሁ ውጡ። በአሜሪካ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ራሱን የዘር ሐረግ ተመራማሪ ብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ካርታ መስቀል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በቼክ አትክፈሉ። ማኅደሩ እጃችሁ ሲገባ ከመጨረሻው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ።

የሉዊዚያና መንግሥት መዝገብ ቤት ባቶን ሩዥ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ልደትና ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነውን ሞት ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል፤ የባለቤቴን የአያቱን አባት የልደት ወረቀት አሁን ራሴ አዝዣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ታንትን ይዤ ሎዮላ ጎዳና ወዳለው የከተማው ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ፤ ለማጉያቸው አዲስ እጀታ አሠርቻለሁ።