ሥልጠና ወይስ የደመወዝ ማካካሻ? የውጭ ዕቃ ውድድር ለሚያፈናቅላቸው ሠራተኞች

የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ውድድር ምክንያት ሥራቸውን ላጡ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1962 ባቋቋመው የድጋፍ መርሐ ግብር ውስጥ፣ ከጊዜ በኋላ ሁለት በጣም የተለያዩ መንገዶች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። በሥልጠናው መንገድ ሠራተኛው አዲስ ሙያ እየተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ሕግ መሠረት፣ ከሥራ አጥነት ክፍያው ጋር ተደምሮ እስከ 130 ሳምንት የሚደርስ የገቢ ድጋፍ ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጨመረው የደመወዝ ማካካሻ ግን ዕድሜያቸው 50 የደረሰና በአነስተኛ ደመወዝ እንደገና የተቀጠሩ ሰዎች ካጡት የደመወዝ ልዩነት ግማሹን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ10,000 ዶላር ሳያልፍ ይተካላቸው ነበር።

ለወጣት ሠራተኛ ሥልጠናው እንደሚሻል አምናለሁ፤ የተማረውን ሙያ የሚጠቀምበት ረጅም ዕድሜ አለውና። ሠላሳ ዓመት በአንድ ማሽን ላይ ለኖረ ሰው ግን፣ በአካባቢው ቀጣሪ ይኑር አይኑር ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ መጠየቅ ከባድ ሸክም ነው፤ ማካካሻው ቶሎ ወደ ሥራ ይመልሰዋል፣ አዲሱ ቀጣሪም በሥራው ላይ ያስተምረዋል። ማካካሻውን ለ50 ዓመት ሰዎች ብቻ መወሰን፣ ልጆች የሚያሳድገውን የ45 ዓመት ሠራተኛ ያለ አግባብ ይተወዋል።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ መርሐ ግብሩ አዲስ የሚፈናቀሉ ሠራተኞችን መቀበል በማቆሙ፣ ሁለቱም በሮች ለእነርሱ ተዘግተዋል።