ለቪትዝና ለኮሮላ የገዛሁት ዝቅተኛ ክሪክ፦ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ያለ ካቫሌቶ ግን አትግዙት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ይዛችሁ ዘይትና የፍሬን ሸራ ቤታችሁ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ይሄ ባለ ጎማ ዝቅተኛ ክሪክ ዋጋውን ያወጣል። ብራችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ግን መጀመሪያ ካቫሌቶ፣ ማለትም የተነሳ መኪና የሚያርፍበትን የብረት መደገፊያ ግዙ። ክሪክ ማንሻ ነው። ይዞ የሚያቆየው ካቫሌቶ ነው።

ዕቃው የቻይና ነው፣ ሁለት ቶን ያነሳል፣ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ መለዋወጫ ሱቅ ነው የገዛሁት። ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ቁመቱ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ግድም ነው። በየሱቁ የሚታየው ትንሹ ክሪክ 13 ወይም 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የቪትዝና የኮሮላ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት 14፣ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ጎማ የተነፈሰ ወይም ሞላ የደከመ ቀን ተራው ክሪክ ከፓራውልቱ ስር አያልፍም። ይሄኛው ሰተት ብሎ ይገባል። እጀታው ረጅም ስለሆነ ደግሞ መኪናዋን ስታወርዱ መሬት ላይ ሳትተኙ ትፈቱታላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ካዞራችሁት መኪናዋ ዱብ አትልም።

የክሪኩ ራስ ላይ፣ መኪናዋን የሚነካበት ቦታ ያለው ላስቲክ ቀጭን ነው። እኔ ከአሮጌ ጎማ ወፈር ያለ ቆርጬ፣ መሃሉን በምላጭ ሰንጥቄ አስቀመጥኩበት። ከበሩ ስር ያለው የብረት ጠርዝ ስንጥቁ ውስጥ ቁጭ ስለሚል አይታጠፍም፣ ቀለሙም አይነሳም።

ዋናው ጉዳይ ግን መሬቱ ነው። የክሪኩ ክንድ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መኪናዋ ከፍ ባለች ቁጥር ክሪኩ ራሱ ትንሽ መንከባለል አለበት። ትናንሾቹ የብረት ጎማዎቹ ከታሰሩ ወይ የክሪኩ ራስ ከተደገፈበት ቦታ ይንሸራተታል፣ ወይ መኪናዋን ይጎትታታል። አሁን የኛን ከተማ ግቢ አስቡት። ግማሹ ልል አሸዋማ አፈር ነው፣ ግማሹ ኮብልስቶን። አሸዋው ላይ ጎማው ይሰምጣል፣ ኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ በድንጋዮቹ መሃል ይቀረቀራል። ደልዳላ ሊሾ ካላችሁ ጨርሳችኋል። ከሌላችሁ ሰፊ ወፍራም ላሜራ አንጥፉለት፣ ላሜራው ላይ እየተንከባለለ ሲነሳ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ተዳፋት ላይ ግን በምንም አታንሱ፣ ላሜራም አያድናችሁም።

አንድ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ብሎኬት ነው። ሰፈር ውስጥ መኪና በብሎኬት ተደግፎ፣ ሰው ከስሩ ተኝቶ አያለሁ። እባካችሁ ተዉት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ነው የሚፈርሰው። ክሪክም ብቻውን አይታመንም፤ ውስጡ ያለችው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የምትዘጋው ላስቲክ፣ ዘይት ካሳለፈች መኪናዋ ትወርዳለች። ጎማ ለመቀየር ያህል ከሆነ እሺ፣ ማንም ከስር አይገባም። እጅ ወይም ጭንቅላት ከስር የሚገባ ከሆነ ግን ካቫሌቶ፣ አለቀ።

ካቫሌቶ ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ መኪና የራሱ ጣጣ አለው። ክሪኩን የበሩ ስር ጠርዝ ላይ ካደረጋችሁት ካቫሌቶው የት ይገባል? ቦታው ተይዟል። ስለዚህ ከፊት መሃል ላይ ያለውን ጠንካራ ብረት አንስቶ ካቫሌቶዎቹን በግራና በቀኝ በሩ ስር ያለው ጠርዝ ላይ፣ ጠርዙ ላይ ባሉት ሁለት ቁርጥ ምልክቶች መሃል ማቆም ነው። ይሄ ብረት በየመኪናው ይለያያል። መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም ሥዕሉን እዩት፣ በግምት ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ እንዳታነሱ፣ ይጨረመታል። ስትገዙም የካቫሌቶውን ቁመት ለኩ፣ አንዳንዱ ዝቅተኛው ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ መኪናዋን ያለልክ ማንሳት ይጠይቃል። እግሮቹ አፈር ላይ እንዳይሰምጡ ወፍራም ጣውላ ከስራቸው ይሁን። ካቆማችሁ በኋላ ከስር ሳትገቡ መኪናዋን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጉ። ክሪኩንም አታውጡት፣ ጠጋ ብሎ ይቆይ።

ታኮ፣ ጎማው እንዳይንከባለል የሚደረግበት ማገጃ፣ የግድ ነው። ቪትዝን የመሰሉ በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ማርሹ የሚይዘው የፊቱን ነው፣ የእጅ ፍሬኑ የኋላውን። ፊቱን ካነሳችሁት ማርሹ ዋጋ የለውም፣ ኋላውን ካነሳችሁት የእጅ ፍሬኑ ዋጋ የለውም። መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። የጎማ ብሎንም ላላ የሚደረገው መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። የነሱ ባትሪ ወለሉ ስር ተዘርግቷል፣ ክሪክ በፍጹም አይነካውም። በጎን ካሉት አራት ማንሻ ቦታዎች ውጭ ሌላ ቦታ አትሞክሩ።

ሻጮቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። ክሪኩን ሲሸጡልኝ ስለ ካቫሌቶ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ስጠይቅም «ይሄ በቂ ነው» ነው ያሉኝ። ይሄ ሰው የሚያስገድል ምክር ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ወዲያው ፈትኑት። መኪናዋን አንሱ፣ ከስር ማንም አይግባ፣ ከመሬት እስከ ጠርዙ ያለውን በሜትር ለክታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። መልሳችሁ ስትለኩ ከወረደች ወይም ፒስተኑ ዙሪያ ዘይት ካወረዛ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ በዚያው ቀን መልሱት።