ሴማግሉታይድ በክኒን ወይስ በመርፌ? ልብ ድካም ላለበት ሰው የቱ ይሻላል

ሴማግሉታይድ ለስኳርና ለውፍረት የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ በመርፌም በክኒንም አለ። መርፌ የሚፈራ ሰው "ያው አንድ መድኃኒት አይደል፣ ክኒኑን ልግዛ" ይላል። መድኃኒቱ አዎ አንድ ነው፣ ወደ ደም የሚገባበት መንገድ ግን በጣም ይለያያል፣ ልብ ድካም ላለበት ሰው ደሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሴማግሉታይድ ፔፕታይድ፣ ማለትም ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ስለሆነ ሆድ እንደ ሥጋ ነው ሚፈጨው። መድኃኒቱ የሚመስለው፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሰራው ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ደም ውስጥ በደቂቃዎች ነው ሚጠፋው፣ ስለዚህ ኢንዛይም የሚቆርጠው ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ቀየሩለት፣ ከጎኑ የፋቲ አሲድ ጭራ ቀጠሉለትና አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ይዞራል፣ ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ለመርፌው ይሄ በቂ ነው፣ ከጨጓራ ግን አያድነውም። ክኒኑ ላይ ስናክ የሚባል ነገር 300 ሚሊግራም ጨመሩበት፣ እሱ ክኒኑ ባረፈበት ቦታ አሲዱን ለጊዜው ያበርድና በጨጓራ ግድግዳ ያሳልፈዋል። እንደዛም ሆኖ ደም የሚደርሰው 1 በመቶ ገደማ ነው! በቀን 14 ሚሊግራም የሚውጥ ሰው በሳምንት 98 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው፣ ለስኳር የሚሰጠው መርፌ ግን በሳምንት 1 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው የጠዋቱ ነገር ወሳኝ የሆነው። በባዶ ሆድ፣ ከ120 ሚሊሊትር ባልበለጠ ውሃ፣ ሳይሰበር ይዋጣል፣ ከዛ ቢያንስ 30 ደቂቃ ምግብም ቡናም ሌላ ክኒንም የለም። የልብ ታማሚ ደሞ ጠዋት እፍኝ ሙሉ ክኒን ነው ሚጠብቀው፣ አንድ ላይ ከዋጣቸው ያቺ 1 በመቶም ትቀንሳለች።

ማስረጃውስ? በ2023 የወጣው ስቴፕ-ኤችኤፍፔፍ የሚባል ጥናት 529 የልብ ድካም ታማሚዎች ላይ በሳምንት 2.4 ሚሊግራም መርፌ ነው የሞከረው፣ ሁሉም ከመጠን በላይ ውፍረት ያላቸውና የልባቸው የመግፋት አቅም ብዙም ያልወረደ ናቸው፣ ከዓመት በኋላ በ6 ደቂቃ የሚራመዱት በ21.5 ሜትር ጨመረ፣ ባዶ መርፌ የተሰጣቸው 1.2 ሜትር ብቻ። የክኒኑ ትልቁ የልብ ጥናት፣ የ2025ቱ ሶል፣ የተሰራው ስኳር ኖሮባቸው የደም ስር ወይም የኩላሊት ችግር ባለባቸው ላይ ነው፣ ለልብ ድካም ተብሎ አይደለም።

ስለዚህ ውፍረትና የመግፋት አቅሙ ብዙም ያልወረደ ልብ ድካም ካለ እኔ መርፌውን ነው ምመርጠው። ስኳር ኖሮት መርፌን ጨርሶ እምቢ ያለ፣ ግን ጠዋቱን በሰዓት መጠበቅ የሚችል ሰው ክኒኑን ይያዝ። የልቡ የመግፋት አቅም የወረደ ሰው ግን ሁለቱንም ከልብ ሐኪሙ ሳይነጋገር እባካችሁ አይግዛ፣ በ2016 የወጣው ፋይት ጥናት የዚሁ ዘመድ የሆነውን ሊራግሉታይድ እንደዚህ ያሉ ታማሚዎች ላይ ሞክሮ ጥቅም አላገኘም።

ፉሮሰማይድ (ውሃ በሽንት የሚያስወጣ ክኒን) የሚወስድ ሰው ደሞ ካስመለሰው ወይ ካስቀመጠው ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ ሲነሳ ካዞረው በዛው ቀን ለሐኪሙ ይደውል።