ከዩኒቨርሲቲው በር የተገዛው የአሜሪካ መንግሥት ሞጁል

ሐዋሳ ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በ150 ብር የሚሸጠው፣ የአሜሪካን መንግሥት የሥልጣን ክፍፍል የሚያስረዳው የአማርኛ ሞጁል ለሲቪክስ መምህራንና ለጀማሪ የሕግ ተማሪዎች ይጠቅማል፤ ጉድለቶቹን አውቆ ለሚገዛው ማለቴ ነው።

ጥንካሬው የአንድን ረቂቅ ሕግ ጉዞ በሚከታተለው ምዕራፍ ላይ ይታያል። ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤትና በሴኔት ከጸደቀ በኋላ ለፕሬዚዳንቱ እንደሚቀርብ፣ እርሱም ካልተስማማበት ከነምክንያቱ ሊመልሰው እንደሚችል፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ዳግም ካጸደቁት ግን ያለ ፊርማው ሕግ እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ተብራርቷል። ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ለመመለስ ያለው፣ እሑድ የማይቆጠርበት የ10 ቀን ገደብ እንኳ አልተዘለለም።

ከዚያ የሚከተለው ምሳሌ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮሪያ ጦርነት መካከል ፕሬዚዳንት ትሩማን የሠራተኞች አድማ የብረት ምርትን እንዳያቋርጥ በመስጋት መንግሥት ፋብሪካዎቹን እንዲይዝ አዘዙ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ኮንግረሱ (ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ) ያልፈቀደውን ሥልጣን በራሳቸው ሊወስዱ አይችሉም በማለት በ6 ለ3 ድምፅ ትእዛዙን ሻረው፤ ፋብሪካዎቹም ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። የጦር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥ፣ ያውም በጦርነት ጊዜ፣ ለዳኞች ውሳኔ ሲገዛ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ድክመቱ የሚጀምረው ከመግቢያው ሰንጠረዥ ነው። አንዱ ሕግ ያወጣል፣ ሌላው ያስፈጽማል፣ ሦስተኛው ይተረጉማል ብሎ ሦስቱን አካላት በአጥር ስለሚከልላቸው፣ ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸውን ዳኞች ሴኔቱ ማጽደቅ እንዳለበት የሚያሳይ ቦታ የለውም። ተማሪው ለፈተና የሚሸመድደው ደግሞ ይህንኑ ገጽ ነው!

የባሰው ስሕተት ፍርድ ቤቶች ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ የመሻር ሥልጣናቸው እ.ኤ.አ. በ1787 በተረቀቀው ሰነድ በግልጽ እንደሰፈረ መጻፉ ነው። ሥልጣኑ የጸናው በ1803 በማርበሪና ማዲሰን ጉዳይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል በጻፉት ውሳኔ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 መሠረት ሕገ መንግሥታዊ ክርክርን የሚወስነው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ፣ ይህ ካልታረመ ሞጁሉ በመጨረሻው ክፍል ሁለቱን አገሮች የሚያነጻጽርበት ሐተታ ከመነሻው ይዛባል።

ኅትመቱም ወጥ አይደለም። የእኔ ቅጂ የመጨረሻ ገጾቹ ደብዝዘው ስለነበር ሻጩ ያለ ክርክር ቀይሮልኛል፤ ሆኖም ከመክፈልዎ በፊት እስከ መጨረሻው ገልጠው ቢያዩት ይሻላል።