የፊፋ ጉባኤ ወይስ የሕግ ቦርዱ፦ የእኛ ድምፅ የት ነው?

ሀዋሳ ውስጥ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ቫር (የቪዲዮ ረዳት ዳኛ) ጎል በሻረ ቁጥር ስድቡ የሚወርደው ፊፋ ላይ ነው። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ግን ፊፋ ብቻውን አይደለም። ሁለት መድረኮች አሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፊፋ ጉባኤ 211 አባላት አሉት። ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። ኢትዮጵያና ብራዚል እዚያ እኩል ናቸው! ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ይህ ጉባኤ ነው፤ ከ2026ቱ ጀምሮ የዓለም ዋንጫ አዘጋጅንም ይመርጣል። አፍሪካ 54 ድምፅ ስላላት ማንም ዕጩ ችላ ሊላት አይችልም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በ1957 ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ከ1972 እስከ 1987 ካፍን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማም አህጉሪቱ በዓለም መድረክ እንድትከበር ታግለዋል። ይህን ለልጆቻችን በደንብ አለመንገራችን ያሳዝነኛል።

የሕግ ቦርዱ፣ ማለትም አይፋብ፣ ሌላ ዓለም ነው። የተመሠረተው በ1886 ነው፤ ከፊፋ 18 ዓመት ይበልጣል። ያለው 8 ድምፅ ብቻ ነው። አራቱ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ናቸው። የቀረው ዓለም በሙሉ በፊፋ 4 ድምፅ ውስጥ ተጠቃሏል። ሕግ ለመለወጥ 6 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱ ወገን ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። በ2018 ቫር፣ በ2022 ደግሞ አምስት ቅያሪ በቋሚነት የጸደቁት እዚህ ነው።

ቦርዱ ሕጉን ከጥድፊያ ጠብቆታል፤ ይህን አልክድም። በፍትሕ ግን ጉባኤው ይበልጥብኛል። ከፊፋ 4 ድምፆች አንዱ በቀጥታ ለካፍ ቢሰጥ እደግፋለሁ።