በጦርነት መሃል የተሰጠ የምርጫ አገልግሎት፦ የ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ ሲገመገም

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ያካሄደውን ስድስተኛውን ጠቅላላ ምርጫ በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ በሚለው አይደለም። የምገመግመው ለመራጩ እንደቀረበ ሕዝባዊ አገልግሎት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የመምረጥ መብት የተሰጠው ሰው ካርዱን ለማውጣትና ድምፁን ለመስጠት ሲነሣ ምን አገኘ የሚለው ጥያቄ፣ በእኔ እምነት፣ ከውጤቱ ባልተናነሰ ሊመረመር ይገባል።

ምርጫው በመጀመሪያ የታቀደው ለነሐሴ 2012 ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም የትግራይ ክልል የራሱን ምርጫ ጳጉሜ 4 ቀን አካሄደ፤ በጥቅምት 2013 ደግሞ ጦርነቱ ተቀሰቀሰ። በመተከል፣ በካማሺና በወለጋ አካባቢዎችም ግጭቱ አልበረደም ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ከ37 ሚሊዮን በላይ መራጭ መመዝገብ መቻሉ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ለዚህም በወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ቦርድና በየጣቢያው የተሰማሩት አስፈጻሚዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ጣቢያው በተከፈተበት ሁሉ አገልግሎቱ ሥርዓት ነበረው። መራጩ ካርዱን ያሳያል፣ ስሙ ከመዝገቡ ይመሳከራል፣ ይፈርማል፣ ጣቱ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት የተዘጋጁትን ወረቀቶች ይዞ ወደ ምሥጢር ድምፅ መስጫው ይገባል። ሰልፉ በመርዘሙ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የነበረው ጊዜ በ3 ሰዓት ተራዝሟል። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ ተካሂዶ ውጤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ መደረጉን ከሁሉ አስበልጬ አደንቃለሁ፤ የመንገድ ጸጥታ በማይታመንበት ጊዜ ሳጥኑ ሳይቆጠር ረጅም መንገድ ቢጓዝ ኖሮ ውጤቱን ማን ያምን ነበር?

ችግሩ ጣቢያው ዘንድ እስኪደረስ ድረስ ያለው መንገድ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደ ስኳር ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ተዛውሮ የሚታደል ዕቃ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ምርጫ ክልል ወረቀት የዚያኑ ቦታ እጩዎች ስምና ምልክት ብቻ የያዘ ስለሆነ፣ አንድ መኪና መንገድ ላይ ከቀረ ያ ምርጫ ክልል በዚያ ቀን አይመርጥም። ለእጀባ የሚመደበው ኃይልም ራሱ የግጭቱ ተሳታፊ ከሆነ፣ ነዋሪው ጣቢያውን በገለልተኛ ዓይን ለማየት ይቸገራል። በሶማሌ ክልል በወረቀት ሕትመት ላይ በታየ ጉድለት ድምፅ መስጠቱ ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 መዛወሩ፣ ጦርነት ባልደረሰበትም ቦታ ሰንሰለቱ ምን ያህል ስስ እንደነበር ያሳያል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የተፈናቃዩ ጉዳይ ነው። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ቤቱ ተቃጥሎ በመጠለያ የሚያድር ገበሬ በአዲሱ ቦታ ስድስት ወር ላይሞላው ይችላል፤ የቀበሌ መታወቂያው ከቤቱ ጋር ነድዷል፤ ማንነቱን የሚመሰክሩለት ጎረቤቶቹም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሕጉ ለተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያ እንዲቋቋም መፍቀዱ በጎ ነው። ነገር ግን ልዩ ጣቢያ የሚደርሰው በታወቀ መጠለያ ውስጥ ላለው ነው፤ በዘመድ ቤት ተጠግቶ ወይም ከተማ ተከራይቶ የሚኖረው ግን በቀላሉ ይታለፋል። የሰውየው ድምፅ ጥሎት ለመጣው ቀዬ ይቆጠር ወይስ ለተጠለለበት የሚለውም ከባድ ጥያቄ ነው፤ ለተጠለለበት ከተቆጠረ ማፈናቀል የምርጫ ክልሎችን የድምፅ ሚዛን መለወጫ መሣሪያ ይሆናል።

ለአገልግሎቱ ዝቅተኛውን ነጥብ የምሰጠው ግን ምርጫው በተዘለለባቸው ቦታዎች ነው። ጣቢያ መክፈት ሕይወትን ለአደጋ በሚያጋልጥበት ቦታ ምርጫውን ማቆየት ትክክል ነበር፤ አስፈጻሚውም መራጩም ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የመተከልና የካማሺ መራጭ ቀሪውን ምርጫ ለማግኘት እስከ ሰኔ 16 ቀን 2016 ጠብቋል። የትግራይ 38 መቀመጫዎችም ከ547ቱ መካከል ባዶ ሆነው፣ በጀትና አዋጅ ያለ እነርሱ ድምፅ ጸደቀ። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን አምስት ዓመት በመሆኑ፣ ሦስት ዓመት መጠበቅ ማለት ከግማሽ በላይ ዘመን ያለ ተወካይ መኖር ነው።

ስለዚህ ቦርዱ አንድን ምርጫ ክልል ሲያቆይ ምክንያቱን፣ ጸጥታውን ዳግም የሚገመግምበትን ቀንና ግምገማውን የሚያደርገውን አካል በጽሑፍ እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ። የመራጮች መዝገብ ቅጂም ከወረዳው ውጭ በአስተማማኝ ስፍራ ይቀመጥ፤ ካርዱ የተቃጠለበት ሰው ስሙን እዚያ አግኝቶ ምትክ እንዲወስድ ይደረግ።