በቱርክ ፓስፖርት ወደ ግሪክ ለምትሄዱ፦ "የበር ቪዛ" ብለው የሚሸጡላችሁን ሳታጣሩ እንዳትከፍሉ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን የምጽፈው ቱርክ ላላችሁ ሐበሾች ነው፣ በተለይ እንደኔ የቱርክ ዜግነት ወስዳችሁ ቦርዶ ፓስፖርት (ተራውን ጥቁር ቀይ የቱርክ ፓስፖርት) ለያዛችሁ፣ የቱርክ ባል ወይ ሚስት ላላችሁም። ረዘም ይላል ግን ፕሊስ አንብቡት፣ ለሚመለከተው ሰውም ላኩለት፣ ምክንያቱም እኔና ባለቤቴ ያጣነው ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እተወው ነበር፣ ያጣሁት የእህቴን ልጅ ክርስትና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ አቴንስ ነው ያለችው፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ወንድ ደግሞ በ40 ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳው፣ ቀኑ አይገፋም። እናታችን ከአዲስ አበባ ቪዛ ስለተከለከለች ከቤተሰብ የምቀርባት እኔ ብቻ ነኝ፣ አራስ ቤት ብቻዋን ናት በየቀኑ እየደወለች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ በቦርዶ ፓስፖርት ወደ ግሪክ ለመግባት የሼንገን ቪዛ ያስፈልገኛል፣ ለቪዛው ራንደቩ (ቀጠሮ) ያስፈልጋል፣ ራንደቩው የለም። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ሲስተሙን እከፍታለሁ ባዶ ነው፣ ጠዋት ከስራ በፊት እከፍታለሁ ባዶ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዛ ሆንኩ። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በ2024 ብቻ ከቱርክ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሼንገን ማመልከቻ ነው የገባው፣ ከቻይና ቀጥሎ ከዓለም ሁለተኛ ማለት ነው። ደላላው የሚኖረው እዚህ ጭንቀት ላይ ነው።

አንዷ ጓደኛዬ ስልክ ሰጠችኝ። ሐበሻ ነው፣ ቱርክኛው እንደ ውሃ ነው፣ አክሳራይ አካባቢ ካለ የቱርኮች ቢሮ ጋር ነው የሚሰራው። ገና ሳልጨርስ "እህቴ ምን አስጨነቀሽ፣ የበር ቪዛ አለ አይደል እንዴ፣ ከቦድሩም ወደ ኮስ ደሴት በጀልባ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ኮስ ገባሽ ማለት ግሪክ ገባሽ ማለት ነው፣ ማታ በመርከብ ወደ አቴንስ ወደብ ፒሬየስ፣ ጠዋት እህትሽ ቤት ቡና ትጠጫለሽ" አለኝ። ቡናውን ሲጠራልኝ ልቤ ቀለጠ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። የሀገሬ ልጅ ነው ብዬ አመንኩት። (የበር ቪዛ ማለት የግሪክ ደሴት ላይ ስትደርሱ የሚሰጥ አጭር ቪዛ ነው፣ ዝርዝሩን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።)

ዋጋው ለአንድ ሰው 480 ዩሮ፣ ለሁለታችን 960። ቅድሚያ 600 ከፈልን፣ 400ውን በባንክ በግለሰብ ስም በተከፈተ አካውንት፣ 200ውን በእጅ፣ ደረሰኝ የለም። ከሳምንት በኋላ ደውሎ "አዲስ ሲስተም መጥቷል፣ አሻራችሁ በኦንላይን ካልተመዘገበ ድንበር ላይ ይመልሷችኋል" ብሎ ለሁለታችን ሌላ 140 ወሰደ። ባለቤቴ እዚህ ጋ ጠርጥሮ ነበር፣ እኔ ነኝ ተው ቀኑ ደርሷል ያልኩት። የድሮ ደንበኞቹ ናቸው ብሎም የፓስፖርት ፎቶ ልኮልን ነበር፣ የአቴንስ ኤርፖርት ማህተም ያለበት። በኋላ ቁጭ ብለን ስናየው ከጥጉ የሚታየው ሽፋን አረንጓዴ ነው! ዬሺል ፓስፖርት ማለት ለከፍተኛ ደረጃ የመንግስት ሰራተኞችና ጡረተኞች፣ ለትዳር አጋሮቻቸውና ላላገቡ ልጆቻቸው የሚሰጥ ነው፣ እነሱ ድሮም ለሼንገን በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ቪዛ አያስፈልጋቸውም። በኛ ቦርዶ እንደዛ አይሰራም። ጎረቤታችሁ ጡረተኛ ቱርክ ያለ ቪዛ ሄዶ መጣ ማለት እናንተም ትችላላችሁ ማለት አይደለም፣ የፓስፖርቱን ቀለም ጠይቁ።

ከኢስታንቡል ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘን ጠዋት ቦድሩም ወደብ ደረስን፣ ለህጻኑ የገዛሁትን ነጭ ልብስ በእጄ ይዤ። የጀልባው ቢሮ ያለችው ልጅ ስማችንን ፈለገች፣ ፈለገች፣ ትኬቱ አለ፣ የቪዛው ማመልከቻ የለም። ጭራሽ ወደ ደሴቱ አልተላከም። ባለቤቴ ከዛ ወደ አቴንስ እንደምናልፍ ሲነግራት ልጅቷ ራሷ ደነገጠች፣ "አቢ (ወንድሜ)፣ ማመልከቻው ቢላክ እንኳ በዚህ ቪዛ ከኮስ ወደ ሌላ ደሴት መሻገር አይቻልም፣ አቴንስማ ጭራሽ" አለችው። ደላላውን ደወልን፣ አንዴ አነሳና "ቆይ አጣራለሁ" አለ፣ ከዛ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው።

እዛው ወደቡ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ግን እግዚአብሔር ነው ያወጣን፣ ምክንያቱም ማመልከቻው ተልኮ ቢሆን ኖሮ በሰውየው ምክር መርከብ ላይ ወጥተን ፒሬየስ ላይ ብንያዝ ለኮስ ብቻ በተሰጠ ቪዛ ሌላ ቦታ ተገኙ ተብሎ ይመዘገብብን ነበር፣ ከዛ በኋላ የትኛው ቆንስላ ነው እሺ የሚለን?

እና በትክክል የበር ቪዛው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ውሸት አይደለም፣ ነገሩ አለ፣ እነሱ የሚሸጡት ግን ሌላ ነገር ነው። ቱርኮች ካፒዳ ቪዜ ይሉታል። በ2024 ነው የተጀመረው፣ ለቱርክ ዜጎችና ለቤተሰቦቻቸው፣ መጀመሪያ 10 ደሴቶች ነበሩ፣ ሮድስ፣ ኮስ፣ ሳሞስ፣ ሌስቮስ፣ ኪዮስና ሌሎችም፣ በ2025 ፓትሞስና ሳሞትራኪ ተጨምረው 12 ሆኑ። የሚሰጠው ቢበዛ ለ7 ቀን ነው፣ ለገባችሁበት ደሴት ብቻ፣ ከቱርክ ባህር ዳርቻ በጀልባ ሄዳችሁ ወደ ቱርክ ለምትመለሱ። ባህር ለመታጠብ ሮድስ ለምትሄዱ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ዘመድ ለመጠየቅ አቴንስ ወይ ተሰሎንቄ ለምትሄዱ ግን አይሆንም፣ ከዛ አልፎ ጀርመንማ በጭራሽ።

ስሙ ደግሞ ያሳስታል። "በር ላይ" ሲባል ዝም ብሎ ሄዶ ወደቡ ላይ መጠየቅ ይመስላል፣ እንደዛ አይደለም። ፎርሙ፣ ፎቶው፣ የፓስፖርት ኮፒው፣ የሆቴል ቡኪንጉ፣ ኢንሹራንሱ፣ የባንክ ስቴትመንቱ፣ የደርሶ መልስ ጀልባ ትኬቱ ከጉዞው ቀናት ቀድሞ በጀልባው ድርጅት ወይም በጉዞ ወኪል በኩል ወደ ደሴቱ መላክ አለበት፣ እናንተ ስትደርሱ የሚቀረው አሻራና ክፍያ ነው። ስለዚህ ደላላ ባትይዙም የጀልባውን ድርጅት ራሱን ማነጋገር ትችላላችሁ፣ ከያዛችሁ ደግሞ ከመንገድ በፊት ለጀልባው ቢሮ ደውላችሁ "ስሜ ደርሷችኋል ወይ" በሉ። እኔ ያንን አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ቢያንስ የቦድሩም መንገድ ይቀርልኝ ነበር።

ኢካመት (የቱርክ የመኖሪያ ፈቃድ) ይዛችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ላላችሁ ደግሞ፣ ይሄ ሰውዬ ለናንተም እየሸጠው እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ አንድ የማውቀው ልጅ 500 ዩሮ ሊከፍል ተዘጋጅቶ ነበር። ፕሮግራሙ ለቱርክ ዜጋና ለቤተሰቡ ነው፣ ኢካመት ስላላችሁ ብቻ አይመለከታችሁም። የናንተው መንገድ መደበኛው ቪዛ ነው፣ እሱም ላይ "በ15 ቀን አስጨርሳለሁ" የሚላችሁን አትመኑ፣ የአውሮፓ ህብረት በ2024 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ ገደብ አድርጎ የውሳኔው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲሆን፣ መልቲፕልም (ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ) እንዳይሰጥ ወስኗል። ይሄን የሚቀይር ደላላ የለም።

የአሻራ ምዝገባ ብሎ 140 ዩሮ የበላን ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ነው። አዲሱ የአውሮፓ የመግቢያና መውጫ ሲስተም እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 12፣ 2025 ጀምሮ ነው ስራ የጀመረው፣ አሻራና የፊት ፎቶ ይወስዳሉ፣ ግን የሚወስዱት ድንበር ላይ ራሳቸው ናቸው፣ ነጻ ነው፣ ቀድሞ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ለዚህ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡ።

አሁን መደበኛው ቪዛ ስንት እንደሆነ ከነሱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45፣ ከ6 ዓመት በታች ነጻ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ድርጅት የሚጨምረው የሰርቪስ ክፍያ በህጉ በመደበኛው ከቪዛው ክፍያ ግማሽ መብለጥ የለበትም፣ ማለትም 45 ዩሮ። እዛ ቢሮ ውስጥ ቪአይፒ ሳሎን፣ ኤስኤምኤስ፣ ኩሪየር ምናምን ይሏችኋል፣ ያ ሁሉ በፍላጎት ነው፣ አልፈልግም ማለት ይቻላል። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን ሀገር የሚሰራ መሆን አለበት። ፓስፖርታችሁ ከ10 ዓመት ወዲህ የወጣ፣ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ነው፣ ስለዚህ የምትሄዱበት ቀን የሚታወቅ ከሆነ (እህታችሁ እርጉዝ ከሆነች በሉ) ከዛሬ ጀምሩ፣ እኔ የተሳሳትኩት ልጁ እስኪወለድ መጠበቄ ነው።

ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ወረቀት ነው። 500 ዩሮ ሊከፍል ለነበረው ልጅ ደላላው "የባንክ ስቴትመንት የለህም? እኛ እንሰራልሃለን፣ የስራ ወረቀቱንም እናስገባለን" ብሎታል። ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ፎርሙ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ፣ ደላላው ስሙ የትም የለም። የውሸት ወረቀት ከተገኘ የእምቢታው ደብዳቤ ላይ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ማመልከቻው ደግሞ በቪዛ ሲስተሙ ውስጥ እስከ 5 ዓመት ይቀመጣል፣ ነገ ጣሊያን ብትሉ ከነገ ወዲያ ሆላንድ ብትሉ ሁሉም ያዩታል። ንጹህ ሪከርድ ደግሞ ዋጋው ከፍ ብሏል፣ በሐምሌ 2025 ህብረቱ ቱርክ ውስጥ ለሚኖሩ የቱርክ ዜጎች አዲስ አሰራር አውጥቷል፣ የመጀመሪያ ቪዛችሁን በስርዓቱ ከተጠቀማችሁ ቀጣዩ የ6 ወር መልቲፕል፣ ከዛ የ1 ዓመት፣ ከዛ 3፣ ከዛ 5 ዓመት እያለ ማደግ ይችላል። ይሄን እድል ለ480 ዩሮ ደላላ እንዳታስበሉት።

ብሩን በተመለከተ፣ ባለቤቴ በኢ ዴቭሌት (የቱርክ መንግስት የኦንላይን አገልግሎት) ገብቶ ለሸማቾች ቦርድ፣ ቱኬቲጂ ሃከም ሄየቲ ለሚባለው፣ አመልክቷል፣ ማመልከቱ ነጻ ነው። እዛ ላይ የሚያወራልን በባንክ የላክነው 400 ዩሮና የዋትስአፕ ጽሁፉ ብቻ ነው፣ በእጅ የሰጠነው 200 እና የ"ምዝገባው" 140፣ እሱም በእጅ ስለሆነ፣ ምንም ማስረጃ የለንም። ያ ቢሮ ደግሞ ሲጣራ የጉዞ ወኪል ፈቃድ የለውም። ቱርክ ውስጥ የጉዞ ወኪል ሁሉ የቱርሳብ (የጉዞ ወኪሎች ማህበር) ፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፣ ቁጥሩን ጠይቃችሁ በራሳችሁ ቼክ አድርጉ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ከከፈላችሁም በድርጅቱ ስም ወዳለ አካውንት፣ የክፍያውን ምክንያት ጽፋችሁ፣ ደረሰኝ (ፋቱራ) ተቀብላችሁ።

የክርስትናውን ቀን በቪዲዮ ነው ያየሁት፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ቄሱ ህጻኑን ሲያነሱት ኔትወርኩ ተቆረጠ። አሁን በራሴ ራንደቩ ይዣለሁ፣ የእህቴ የግብዣ ደብዳቤም ደርሶኛል፣ ነጩ ልብስ ይጠበው እንደሆነ አላውቅም ግን ይዤው እሄዳለሁ።

የሰውየውን ስምና ስልክ እዚህ አልጽፍም። ግን "ጠዋት እህትሽ ቤት ቡና ትጠጫለሽ" ብሎ የሸጠላችሁ ካለ፣ በተለይ በባንክ የላካችሁ፣ ስክሪንሾቱን ሳታጠፉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ባለቤቴ ማመልከቻውን እንዴት እንደሚሞሉ በቱርክኛ ያግዛችኋል።